ወረቀት የለም፣ ጥቁር ቀለም አንሷል

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ይህን ደብዳቤ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዲት ፊደል ሳልሰርዝ ጽፌዋለሁ። እሺ፣ በአንድ ትንፋሽ እንኳ አይደለም፤ መሃል ላይ ተነሥቼ የጭነት መኪና ጎማ ለጥፌ ተመልሻለሁ። ስለ መሰረዙም ቢሆን ይህ ወረቀት ንጹሕ የሆነው የተሰረዙት ወንድሞቹ ምድጃ ስለገቡ ነው። የቀረው ግን እውነት ነው፤ እጁም የእኔ፣ ቃሉም የእኔ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

ባለፈው ለላክሁልሽ አጭር ደብዳቤ «ማን ጻፈልዎ?» ብለሽ መጠየቅሽ አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ። ማንም! ስትሄጂ በአውቶቡሱ መስኮት አንገትሽን አውጥተሽ «ጋሼ፣ ስልክ አልደውልልዎም፤ እጽፍልዎታለሁ፣ ራስዎ ያነቡታል» ስትይ ሰዉ ሁሉ ስቋል። እኔም ስቄያለሁ። በማግስቱ ግን የማታ ትምህርት ቤት በር ላይ ነበርኩ። መምህርታችን በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ጠመኔ ስትይዝ ግን «እርስዎ» እላታለሁ። ከክፍሉ ማን ጎበዝ ነው ብዬ ብጠይቃት ዝም አለች። እንዳልኮራ ብላ ነው።

ከጎኔ የሚቀመጠው ልብስ ሰፊው ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ የሱሪሽን እግር አሳጥር ብትይው ያለ ሱሪ የሚያስቀርሽ። የአማርኛ ፊደል ከእኔ ጋር እየቆጠረ፣ እንግሊዝኛ ግን እችላለሁ ይላል። የት ተማርክ ስለው «ከልብስ አንገት ላይ» አለኝ። ለካ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ የምትሰፋዋን ቁራጭ ጨርቅ ሲያነብ ነው የኖረው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እናትሽ በደወለች ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትያታለሽ አሉ። ደህና የሆነ ሰው አንዴ ብሎ ዝም ይላል። ለእሷ ያልነገርሽውን ለእኔ ጻፊ። ደግሞ በክፍላችን ፊት «የእህቴ ልጅ ኢንተርኔትን እንደ ሹሩባ በእጇ ትጎነጉናለች» ብዬ ስለነበር ማስረጃ አምጣ እያሉኝ ነው። የሠራሽው ነገር ካለ አድራሻውን ላኪልኝ። ይህን ደብዳቤ የአውቶቡሱ ሹፌር ያደርስልሻል፤ ጎማው በእኔ እጅ ነውና እምቢ አይልም።

አጎትሽ


ጥቅምት 26

ውድ ጋሼ፤

ደብዳቤዎን ሳነብ እንዲያው በሳቅ ስፈነዳ ከጎረቤት ክፍል ልጆች ምን ሆነች ብለው መጡ። እጅዎ እንዴት ያምራል! «ጉ»ዋ ብቻ ትንሽ ወደኋላ ታዘነብላለች፣ ልክ እርስዎ ሲኮሩ እንደሚቆሙት።

«ኢንተርኔትን በእጇ ትጎነጉናለች» ላሉት፣ አዎን፣ በእጅ ይነካል። እስከ ዘንድሮ ከሰሌዳ ላይ ነበር የምንማረው። አሁን ግን አሠልጣኛችን ጠመኔውን ደብቆ መቁረጫና መቆንጠጫ ሰጠን። ክፍሉ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ቁም ሣጥን የሚያህል ብረት ቆሟል፣ መደርደሪያው ሁሉ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት ተሞልቷል። ማሽኖቹ እንዳይሞቁ ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ በቀትር ሹራብ እንለብሳለን።

መጀመሪያ ኬብል ነው የሠራነው። ቆዳውን ሲገፉት በውስጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዘዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው። በተራቸው ደርድሮ፣ የፕላስቲክ ጫፍ ውስጥ አስገብቶ መቆንጠጥ ነው። ተራው ከተሳሳተ መሞከሪያው ላይ መብራቱ ይዘላል። የእኔ መጀመሪያ ላይ እንደ ፌንጣ ነበር የሚዘለው። አሁን ተሽሎኛል፤ የጣቶቼ ጫፍ ግን የእርስዎን ጣቶች መስሏል።

ቀጥሎ ሰርቨር ነው። ሰርቨር ማለት፣ ጋሼ፣ ሲጠሩት «አቤት» የሚል ኮምፒዩተር ነው። «ገጹን አሳየኝ» ይሉታል፣ ያመጣል። ትናንት የእኔው አቤት አለ! ከጎረቤት ጠረጴዛ ሆነን ስንጠራው ገጼ ተከፈተ። ያለበት «ሰላም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቢሆንም እኔ የጻፍኩት ሰላም ነው። አድራሻውን ላኪ ስላሉኝ ይኸውልዎ፦ 192.168.1.20

በሚቀጥለው ሳምንት አሠልጣኙ አንድ በአንድ ይፈትነናል። የተግባር ሥልጠናውን ያላለፈ ከክፍሉ ጋር አይመረቅም። ይህን ለእማዬ አይንገሯት፤ ጉልበቷ ላይ ሌላ ሸክም አይጨመር።

ጉንዳንዎ


ኅዳር 14

ለጉንዳኔ፣ ለመሐንዲሷ፤

አየሁት! ገጽሽን በዓይኔ በብረቱ አየሁት!

ርእሰ መምህሩ አልጋ ልብስ በመሰለ ጨርቅ የሚሸፍነው ኮምፒዩተር ቢሮው ውስጥ አለ። መምህርታችን አስፈቅዳ አስገባችን፤ ሌላው ክፍል ሲንጫጫ እነሱን ልትቆጣ ወጣች። ቁጥር ከሆነማ እኔን ማን ያህለኛል! ከጎማ ላይ ስንቱን ቁጥር ሳነብ ኖሬ የለ? በዚህችው ጣቴ እየጠቀጠቅሁ፣ ነጥቧን እንኳ ሳልረሳ ጻፍኩት። ክፍሉ ሁሉ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ ነበር። መብረቅ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም፤ ከተፍ አለ!

«ሰላም» ያልሽውን ፈልጌ አጣሁ፤ ለውጠሽዋል መሰለኝ። በምትኩ ባለቀለም ዓምዶች ተደርድረዋል፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ጥቁሩ አጭር ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ልብስ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ተረጎመ። «ጥቁር አንሷል ትላለች» አለ። ቀጥሎ «ወረቀት የለም ትላለች» አለ።  አንዱ ከኋላ «አይ ልጅቷ! በሰው አገር ወረቀት አልቆባት በአደባባይ ትለምናለች» ብሎ ከንፈሩን ሲመጥ ሰማሁት፤ ዞሬ ያየሁትን አስተያየት ጎማ ቢያየው ይተነፍስ ነበር።

ከላይ ግን ለብቻዋ የተጻፈች ቃል አለች። «እሷስ?» አልኩት ልብስ ሰፊውን። «ይቺማ ሬዲ ናት፤ እንዴት አላውቃትም፣ ሬዲሜድ ልብስ አይደል ገበያዬን የገደለው?» አለ። ሬዲ ማለት ዝግጁ ማለት ነው። ዝግጁ! ወረቀት ሳይኖርሽ፣ ቀለም አንሶሽ፣ ዝግጁ ነኝ ማለትሽ! ልቤ እንደ አዲስ የጎማ ከመነዳሪ ተነፋ።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ እሽግ ወረቀትና ጥቁር እስክሪብቶዎች ልኬልሻለሁ። ሰማያዊውና ቢጫው ሞልቶልሻል፣ እሱን አልላክሁም። ለእናትሽ ትንፍሽ አላልኩም። ሁለተኛ ግን ሲያልቅብሽ ለእኔ ጻፊልኝ እንጂ ለዓለም ሁሉ አትንገሪ።

አጎትሽ (አሁን ፊርማም አለኝ፤ ከታች ያለችው ቀንድ አውጣ የምትመስለው ናት)


ታኅሣሥ 5

ውድ ጋሼ፤

ይህን ያህል ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። ወረቀቱም እስክሪብቶዎቹም ደርሰውኛል፤ ይህንንም የምጽፈው በእነሱው ነው።

ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ያዩት ገጽ የእኔ አይደለም። የትምህርት ቤታችሁ ማተሚያ ነው። ቢሮው ውስጥ ወረቀት የምታትመው ማሽን ቀለሟ ስንት እንደቀረ የምትናገርበት የራሷ ገጽ አላት፤ እርስዎ እሱን ነው የከፈቱት። ጥቁር ቀለም ያነሳት እሷ ናት። ወረቀት ያለቀባትም እሷው።

እንዴት እንደሆነ ከመንገሬ በፊት የደበቅሁትን ልንገርዎ። በፈተናው ቀን አሠልጣኙ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣና «ገጽሽን ከዚህ ሆኜ ልክፈተው» አለኝ። አልከፈት አለው። «ለምን?» አለኝ። ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ሌሎቹ ሳቁብኝ፤ «የቤት ውስጥ መሐንዲስ» የሚል ስም ወጣልኝ። ሁለተኛ ዕድል አለሽ ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የለም። ጋሼ፣ ሁለተኛውን አልፈለግሁም። ትምህርቱን ልተወው ነው ብዬ ልብሴን አጣጠፍኩ።

የአውቶቡሱ ሹፌር እሽጉን ይዞ በሬን ሲያንኳኳ ሻንጣው ተዘግቶ ነበር። ሻንጣው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። «ወረቀት አልቆባት» ላይ አለቀስኩ፣ «ሰማያዊውና ቢጫው ሞልቶልሻል» ላይ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ብድግ አልኩ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፤ ይህማ ማተሚያ ነው! ታዲያ የእኔ ቁጥር የእናንተን ማተሚያ ለምን ከፈተ?

እርስዎ በቤትዎ ሆነው «ዕቃው ጓዳ ነው» ቢሉ፣ የሰማዎት ሰው ሁሉ የሚገባው የየራሱ ጓዳ ነው አይደል? የላክሁልዎ አድራሻ የጓዳ አድራሻ ነበር። በየቤቱ፣ በየቢሮው ያው ቁጥር አለ። እኛ ጓዳ ውስጥ ያለው የእኔ ሰርቨር ነው፤ እናንተ ጓዳ ውስጥ ማተሚያዋ። አሠልጣኙ ግቢ ወጥቶ ሲጠራው ያልሰማው ለዚህ ነበር። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ሮጬ ሄጄ ይህንኑ፣ እስክሪብቶዎቹን ጭምር ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ እስኪያብስ ሳቀ። «ለምን እንዳልተከፈተ አሁን ገብቶሻል። እንዲከፈት ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ለእሱ እስከ የካቲት ጊዜ አለሽ» አለኝ።

ሻንጣውን ፈታሁት። ከደብዳቤዎ ላይ «ዝግጁ» የምትለዋን ቃል በመቀስ ቆርጬ ከማሽኔ በላይ ለጥፌያታለሁ። ማተሚያም ብትለው ለእኔ ነው የደረሰኝ። ሻንጣ ማዘጋጀቴን ለእማዬ አይንገሩብኝ፤ አደራ።

ጉንዳንዎ


ታኅሣሥ 24

ለጉንዳኔ፤

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ከምሳ እስከ ማምሻ ተቆጥቻለሁ፤ እሱም በአንቺ ሳይሆን በማተሚያዋ ነው። ወሬውን ክፍሉ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ብዬ ራሴ ተነሥቼ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ቆሜ! የሳቁት ሳቅ ግድግዳውን አራግፎታል። ልብስ ሰፊው «አንተ ጋሽ ነፋስ፣ የእህትህን ልጅ መሐንዲስ ነች ስትለን ከርመህ ማተሚያ ሆና አረፈችው?» አለኝ። «አንተስ ተርጓሚ ነኝ ስትል ማተሚያ ለወረቀት ስትለምን ሰምተህ ሰው መሰለህ» አልኩት። ተከናነበ።

ግን ስሚ ጉዱን። ማተሚያዋ ካበደች ሰንብታለች ተብሎ ርእሰ መምህሩ ጠጋኝ እየፈለገ ነበር። መምህርታችን ደብዳቤሽን ሰምታ ሄዳ መሳቢያዋን ከፈተች። ባዶ! ወረቀት ጨመረችላት፣ ጥቁሩን ቀለም ለወጠችላት፣ እንደ ወፍጮ ታትም ጀመር። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያያት ሰው የለም። አሁን ስሟ «የእህት ልጅ» ሆኗል። «የእህት ልጅ ዛሬ ደህና ናት?» እየተባለ ነው የሚጠየቀው።

«ለእማዬ አይንገሩብኝ» ላልሽው፣ እኔ አልነገርኳትም፤ እሷ ናት የነገረችኝ። ያን ሰሞን ስትደውልልሽ ከድምፅሽ ጀርባ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ሰምታለች። «ታዲያ ለምን አልጠየቅሻትም?» ብላት፣ «ዚፑ ተመልሶ ሲከፈት ልሰማ እየጠበቅሁ» አለችኝ። እናትሽን እንደማትፈሪያት አውቃለሁ፤ ጆሮዋን ግን ፍሪው።

ምክር ልስጥሽ፤ ጉራ አይደለም፣ የሥራዬ ነው። ጎማ ሲተነፍስ መጥፎ ጠጋኝ ባየው ቦታ ሁሉ ይለጥፋል። ጥሩው ግን ከመነዳሪውን ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ጥቂት በጥቂት እያዞረ አረፋ የሚያወጣበትን ይጠብቃል። ያንቺም እንደዚያ ነው። ከአንድ ጫፍ ጀምሪና አዙሪው። አረፋውን ሳታዪ አትለጥፊ።

ስለዚያች ስለቆረጥሻት ቃል ደግሞ አንድ የምልሽ ነበረኝ። ይቅር ለዛሬ፤ ወረቀቱ አለቀ። (ወረቀት የለም! ማተሚያ ሆንኩ።)

አጎትሽ


የካቲት 1

ውድ ጋሼ፤

ምን ሊሉኝ እንደነበር በጣም አጓጉተውኛል፤ ቢሆንም አሁን የምለምንዎ ሌላ ነገር ነው።

አረፋውን አገኘሁት! እንዳሉኝ ከአንድ ጫፍ ጀመርኩ። ኬብሉ ደህና ነው፤ መብራቱ አልዘለለም። ቀጥሎ የሕንፃችን በር ላይ ወዳለው ሳጥን ሄድኩ፤ እሱ እንደ ዘበኛ ነው፣ ከውጭ የመጣውን ሁሉ የሚያየው እሱ ነው። «እኔን ብሎ የመጣ እንግዳ ካለ ወደ ጓዳ አስገባው» ብዬ አዘዝኩት። አሁንም እምቢ አለ። እያዞርኩ፣ እያዞርኩ መጨረሻ ላይ የደረስኩት የራሴው ማሽን ዘንድ ነው። ዘበኛው እንግዳውን አስገብቶ ሲልክ፣ የእኔ ማሽን ደግሞ «የማላውቀውን አላስተናግድም» ብሎ ከውስጥ ቆልፎ ኖሯል! እኔን ቁርጥ አይደለም?

ፈተናው የካቲት 11 ከሰዓት በኋላ ነው። አሠልጣኙ «ከሩቅ ሆኖ የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል፤ ማን አለሽ?» ሲለኝ ሳላስብ «አጎቴ» አልኩ። ሳቀና «የማተሚያው?» አለኝ። በዚያ ቀን ወደ እናንተ ትምህርት ቤት ቢሮ ይደውላል። ገጹ ላይ የተጻፈውን ራስዎ አንብበው ይነግሩታል። ልብስ ሰፊው እንዳይረዳዎ፤ የጻፍኩት በአማርኛ ነው። እኔ ስልኩ አጠገብ አልሆንም፤ ውላችን ይፈርሳል።

የአሁኑ አድራሻ የጓዳ አይደለም፤ ከየትም ሆነው ሲጠሩት አቤት ይላል። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን በትልልቁ በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ፣ መልካቸውን እያዩ ይምቱ።

ይህ ካልተከፈተ ጋሼ፣ ከክፍሉ ጋር መመረቄ ቀረ። ይህን የምጽፍልዎ ላስፈራዎ ብዬ ሳይሆን፣ የምደብቀው ነገር ስለሰለቸኝ ነው።

ጉንዳንዎ


የካቲት 19

ለጉንዳኔ፣ ላለፈችው፤

እናትሽ ማለፍሽን በስልክ ሰምታ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ነገረችኝ። እሺ፣ አልሮጠችም፤ ግን አላጉረመረመችም። እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን ደስ ያለን! ሱቄ በር ላይ የቆመ መኪና ሁሉ በነጻ ተነፍቶለት ሄዷል። ይህን አላጋነንኩም፤ ለንፋስ መቼ አስከፍዬ አውቃለሁ?

አሠልጣኝሽ «ገጹ ከተከፈተ በኋላ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር» ብሎሻል፤ አንቺም «ምን ሆነው ነው?» ብለሽኛል። እንግዲህ ልንገርሽ።

እናትሽ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ክፍሉ ከኋላዬ ነው። ልብስ ሰፊው አፉን በእጁ ይዟል፣ አስምዬዋለሁ። ፊደሎቹን እያየሁ መታሁ። አንዴ ሳትኩ፣ ደገምኩ። ከዚያ ነጭ ገጽ ወጣ፤ በላዩ በትልልቁ የእኛው ፊደል። አነበብኩ፦ «ወረቀት አለ።» ክፍሉ ተንጫጫ። አነበብኩ፦ «ጥቁር ቀለም ሞልቷል።» ልብስ ሰፊው መሐላውን አፍርሶ «ማተሚያችን አማርኛ ተማረች!» ብሎ ጮኸ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ቆምኩ። «ዝግጁ ነኝ» ይላል። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። አሠልጣኝሽ በስልኩ «አባቴ፣ አሉ?» ሲለኝ «አለሁ» አልኩት። እንደገና «ምን ይላል?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። እናትሽ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር፤ ጉልበቴን አመመኝ አለች። ጉልበትና ዓይን ምን አገናኛቸው?

ያቆመኝ ይህ ነው። ያኔ በኅዳር፣ የማተሚያዋ ገጽ ላይ ልብስ ሰፊው ያነበባት ቃል «ሬዲ» ብቻዋን አልነበረችም። «ኖት ሬዲ» ነበር ያለው። ዝግጁ አይደለም። እንዲያውም በቀይ ነበር የተጻፈችው። ልጽፍልሽ ስቀመጥ «ዝግጁ» ብዬ ጻፍኩ፣ «አይደለም»ን ልጨምር እጄን ሳነሣ፣ ጉንዳኔ እንዲህ ብላ ለዓለም አትጽፍም፣ ብትጽፍም እኔ አላደርስላትም አልኩና ነጥብ አድርጌ ዘጋሁት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ የኖርኩት በመጨመር ነው፤ አህያውን በቅሎ፣ ቢስክሌቱን አውቶቡስ በማድረግ። መቀነስ የጀመርኩት በዚያች ቃል ነው። ከዚያ አንቺ በመቀስ ቆርጠሽ ከማሽንሽ በላይ ሰቀልሻት፣ እኔም ልነግርሽ ጀምሬ ወረቀት አለቀ ብዬ ሸሸሁ።

ወረቀት የሌላት ማተሚያ ዝግጁ ነኝ እንደማትል አንቺ መሐንዲሷ ሳታውቂው የቀረሽ አይመስለኝም። አውቀሽ ዝም ካልሽ በእናትሽ ወጥተሻል። ካላወቅሽም ያስቀረሁብሽን ቃል ይኸው ዛሬ ልኬልሻለሁ፦

አይደለም።

ከማሽንሽ በላይ የሚለጠፍበት ቦታ ያለው አይመስለኝም። ወደፈለግሽበት ጣይው።

አጎትሽ